የመሬት ሽቦ

በስምንት ሰዓት ድሬ ትተኛለች፤
ሽርጧን አገልድማ በሯን ትዘጋለች።
ባጃጁ ከኒም ሥር፣ ሹፌሩ ከባጃጅ፣
እግሩ ብቻ ቀርቶ ተንጠልጥሎ ከደጅ።

ያኔ ነው የመጡት፣ አራት ከሲታዎች፣
ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ አልባ ቤዝ ተጫዋች፣
በፕላስተር የታሰሩ የከበሮ ዱላዎች።
"አቦ ጋሽ ታጁ፣ ሞንታርቦህን አውሰን፣
ለሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ካልመለስን እሰረን።"

ከለገሃር ፊት ለፊት ስታኞ ሳቀልጥ
ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፣ የሬዲዮ ሆድ ስገልጥ።
አሮጌው ባቡር ፉጨቱን ካቆመ፣
ጆሮዬ ጩኸት ተርቦ ከከረመ፣
እንጃ፣ ለዚያ ይሆናል እሺ ያልኳቸው።
ግን አልዋሸሁም፣ ጉዱን ነገርኳቸው፦
"ሞንታርቦው ሕመምተኛ ነው፣ ያንጎራጉራል፣
የመሬት ሽቦው ላልቶ ዝም ስትሉ ያወራል።
ሦስቴ ከፈትኩት፣ ሦስቴም አሸነፈኝ።"
ረምዚ ሳቀና፣ "ጤነኛውማ ሰለቸኝ!"

ከሃዲዱ ዳር በቆመ፣ በዛገ ፉርጎ ውስጥ፣
ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ ሰው እስኪያቀልጥ፣
ጉሌድ ይደልቃል፣ ኢብሳ ወፍራሙን ክር ይጎትታል፣
ይትባረክ ዓይኑን ጨፍኖ ይጮኻል።
ስለ ፍቅር አይደለም።
ስለ ቧንቧ ነው፣ በሳምንት አንዴ አስሎ ስለሚዘጋ፣
ስለ ደቻቱ፣ ቀን አሸዋ ሆኖ፣ ሌሊት ሳያንኳኳ ስለሚገባ።

ጎረቤት ተቆጥቶ ድንጋይ ወረወረ፤
ጉሌድ የድንጋዩን ምት ከዜማው ቆጠረ።
ስማቸውንም ከዚያው ከእርግማን አነሡ፦
"ስምንት ሰዓት" ተባሉ፣ እንቅልፍ የሚነሡ።

ሳቢያን ሰርግ ላይ ወጡ። የሙሽራው አክስት
በሁለተኛው ዘፈን ነቀለች ሶኬት።
አንዲት ልጅ ግን በስልኳ ቀርጻቸው ነበር፣
አርባ ሰከንድ ብቻ፣ ከአክስቲቱ ስድብ ጋር።

ሰኞ ባጃጆች ያዙት። ረቡዕ ሐረር ገባ።
ዓርብ ጅግጅጋ ሰማው፣ እሑድ አዲስ አበባ።
ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም።
ደቻቱን ያየ ያውቃል፦
ጠዋት ልጆች ኳስ የሚለጉበት አሸዋ፣
ማታ፣ ተራራው ላይ ለዘነበ፣ ስንቱን ይዞ ይወርዳል።

ስንት ሐሙስ ሄደ!
ናይሮቢ ናቸው ተባለ፣ ቆየና ለንደን፤
ሥራ ፈት ሁሉ ሱቄ መጥቶ ያሾፍብኝ ጀመር፣
"ሞንታርቦህ ፓስፖርት አወጣ፣ አንተ ግን እዚሁ ቀረህ" ሲለን።
ሲለን ያልኩት ኢብሳም ስለቀረ ነው።
ሲሚንቶ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ አለበት፣
አሥር ቀን ፈቃድ ቢጠይቅ ሁለት ሰጡት።
በእሱ ቦታ አንድ ልጅ፣ ፀጉሩን የተቀባ፣
ጎበዝ ነው አሉ። ይሁን። ኢብሳም "ጎበዝ ነው" አለኝ፣
ከጫማው ላይ ነጩን አቧራ እያራገፈ።

ባለፈው ጥር ስታዲየም መጡ። መግቢያው ስድስት መቶ ብር።
የሞንታርቦዬ ኪራይ እንኳ ያን ያህል አልነበር።
ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ እኔና ኢብሳ ተቀመጥን።
መብራቱ ጠፋ። ሕዝቡ ዝም አለ።
ከዝምታው ሥር አንድ ነገር ተነሣ፦
ም ም ም ም ም፣
ንብ የገባበት ገንቦ የሚመስል።
ኢብሳ ክንዴን ያዘኝ። "ሰማኸው?"
ሰማሁት እንጂ! የላላች ሽቦዬ ናት፣
ሦስቴ ከፍቼ፣ ሦስቴ ያቃተችኝ።
ኋላ እንደነገሩኝ፣ አዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ
ሁለት ሳምንት ደክሞ፣ ውድ ውድ መሣሪያ ደርድሮ፣
ጤነኛውን ማጉያ ሕመም አስተማረው።
እኔ ያፈርኩበትን ሰው አጨበጨበለት።

አሁን አንዱ መጥቶ "ሬዲዮዬ ያንጎራጉራል" ሲል፣
"ቆይ እስቲ፣ ልስማው" እላለሁ፣ ብሎን ሳልነቅል።

ያን ማታ ግን ምንም አላልኩም።
ኢብሳ በጣቱ ጉልበቱ ላይ
የራሱን ክፍል ይመታ ነበር፣
አንዲት ምት ሳያሳስት፣ እስከ ሦስተኛው ዘፈን።
ከዚያ የፈረቃው ሰዓት ደረሰ፣ ሱሪውን አራግፎ ሄደ።

ሐሙስ ነበር።